መነጽሬን የምትደብቀው ስቶይና

ስቶይና በቪዲን ከተማ ባለው መዋዕለ ሕፃናታችን ሃያ ስድስት ዓመት ምግብ አብስላለች፤ የእኔን መነጽር የደበቀችውም ያንኑ ያህል ዓመት ነው። ከክፍል ወጣ ባልኩ ቁጥር ከጠረጴዛዬ ላይ ታነሳና ልጆቹ እያዩ ዳቦ ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ አንዱን ትጠይቃለች፦ «መምህርት ኢሊያና ስትመለስ መነጽሯን የት ትፈልጋለች?»

የሦስት ዓመቶቹ ሳያመነቱ «ዳቦ ሣጥን ውስጥ» ይላሉ። እነሱ ያዩትን እኔም የማውቅ ይመስላቸዋል። አራት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናቸው ግን አንድ ቀን አፋቸውን ይዘው ይስቁና «ጠረጴዛው ላይ» ይላሉ። ስቶይና ያቺን ቀን ጥርስ እንደማብቀል ትጠብቃታለች። እኔን ግን በዳበሳ ስፈልግ የሚሳቅብኝ ነገር ያበሽቀኝ ነበር።

«እትዬ ስቶይና፣ ሥራ ፈታሽ እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ሥራዬማ ይሄ ነው። ሾርባው እንደሆነ ራሱ ይበስላል።»

የልጇ ልጅ ካሊና ሰባት ዓመት ሞልቷትም መልሷ «ዳቦ ሣጥን ውስጥ» ነበር። በአራት ዓመቷ ማንበብ የጀመረች፣ የአውቶቡሶቹን ሰዓት በቃሏ የምትወጣ ልጅ ናት። ስትታረም ትገረማለች። «መነጽሩ ወደሌለበት ለምን ትሄዳለች?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ እኔም ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሐኪሙ ኦቲዝም ነው አለ። ስቶይናን ስሙ አላስጨነቃትም።

«ኢሊያና፣ ልጅቷ እኔ የማውቀውንና የማላውቀውን አንድ ቀን እንኳ አስባው ታውቅ ይሆን?» አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ «ዕቃው ሲዛወር ያላየ ሰው መዛወሩን አያውቅም» እያለች አስጠናቻት። ካሊና ቃል በቃል ሸመደደችው። ሲጠይቋት ግን ያው ዳቦ ሣጥን ነው።

ዘንድሮም መጋቢት ሲጠባ እንደ አገራችን ልማድ ቀይና ነጩን ክር እጃችን ላይ አሰርን። ስቶይና የመጀመሪያዋን ሽመላ እንዳየች የራሷን ክር ፈትታ፣ ካሊና አጠገቧ ቆማ፣ በግቢዋ ካለው የፕለም ዛፍ አጠገብ ድንጋይ ሥር አስቀመጠችው። በዘጠነኛው ቀን ድንጋዩ ሲነሳ ጉንዳን ከተገኘ ዓመቱ መልካም ነው ይባላል። እኔም ለማየት ሄድኩ።

ስቶይና ድንጋዩን አነሳች። ጉንዳን የለም፣ ክሩም የለም። በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ብቻ ነበር፣ የካሊና እጅ ጽሑፍ።

«እማማ፣ እዚህ የለም። እዚህ ጉንዳን ስላልነበረ አጥሩ ጋ ካለው ድንጋይ ሥር አዛውሬዋለሁ። ሳዛውረው አላየሽኝም።»

ጉንዳን ያለበትን ድንጋይ መርጦ ክሩን ማስቀመጥ ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እናገር ነበር። ስቶይና እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሽ እንጂ፣ ክሩ ያለው አጥሩ ጋ ነው» አልኳት።

«ክሩን ተዪው» አለችኝ። «ወረቀቱን የት እንዳስቀመጠችልኝ አታዪም?»

ካሊና አጥሩ ጋ ቆማ ጉንዳኖቹን ትቆጥር ነበር።