ለቀብር የቆመው አቀጣጣይ

ሽማግሌ ሆኜ ሚስት ልጠይቅ የሄድኩት በዕድሜዬ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛ ቢለምኑኝ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። ሰው ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ የአባትና የአያት ስም ቆጠራ ይጠብቃል፤ እኛ የተጠየቅነው ግን በመጨረሻዋ ደቂቃ ኳሷ ለምን ጎል ውስጥ አልገባችም ተብሎ ነው።

ልጁ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው። እኔ ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ ባጃጁን ከሱቄ ፊት ለፊት አቁሞ ሰው ይጠብቃል፣ ሰው እስኪመጣ ከእኔ ጋር ይጨቃጨቃል። በበዓልና በእሁድ ደግሞ የሰፈራችን ቡድን አቀጣጣይ ነው። አቀጣጣይ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ኳስ ከተከላካይ ተቀብሎ ለአጥቂ የሚያደርስ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ አጥቂው በትከሻ ይዞራል፣ ሲሸነፍ አቀጣጣዩ ይሰደባል። ሥራው ይኸው ነው።

የሚወዳት ልጅ አባት የእህል ነጋዴ ናቸው። ቡድኑን እንደ ልጃቸው ይወዱታል ይባላል፤ እኔ ልጃቸውን እንደ ቡድኑ መውደዳቸውን ነው የምጠራጠረው። መጀመሪያ የሄድነው ከዋንጫው ጨዋታ በፊት ነበር። እጅ ነስተን ጉዳያችንን ስንናገር ፊታቸው እንደ መስቀል ወፍ አማረ። «ዋንጫው ይለፍና ኑ» አሉን። «ዋንጫውን ይዞ ከመጣ ልጄን እኔው ራሴ አዝዬ አመጣለታለሁ።» ልጅቱም ከእሱ ሌላ ባል አልሻም ብላለች፤ ያለ አባቷ ምርቃት ግን ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ትዳሩ በዋንጫው ላይ ተንጠለጠለ።

ለዋንጫ የገጠመን ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ቡድን ነው። በጨዋታው ዋዜማ ግን በሰፈራችን አንዲት አሮጊት አረፉ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቆሎ ይሸጡ የነበሩ፣ ልጅ የሌላቸው ሴትዮ ናቸው። እድሩ ተሰበሰበ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ቀብሩ በስድስት ሰዓት እንዲፈጸም በአንድ ድምፅ ወሰነ። ሁሉም ደስ አለው። ያልተማከሩት ሟቿ ብቻ ናቸው።

ሟቿም አልቸኮሉም። እህታቸው ከገጠር እስክትደርስ ተብሎ አስከሬኑ ቆየ፤ ቀጥሎ እቤት የተደረገው ፍትሐት ረዘመ፤ እሱ ሲያልቅ ካህናቱ ለቀብሩ ሊዘጋጁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቀደሙ። እድርተኛው ሰዓቱን እያየ፣ «መጣሁ፣ አንድ ጉዳይ አለችኝ» እያለ አንድ በአንድ ሾለከ። ጉዳዩ የሁሉም አንድ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እድሩ በሙሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ሜዳው ዳር ያለው ዳገት ላይ ተደርድሮ ይጮሃል። የእህል ነጋዴው ከፊት ናቸው፤ የቡድኑን ሻርፕ ከጋቢያቸው በላይ ጠምጥመዋል።

አንድ ለአንድ ነን። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ እያስጠጋ ነው። አቀጣጣያችን ኳስ ቀማ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፤ ከፊቱ በረኛው ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። በዚያች ቅጽበት ከሜዳው ጥግ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ የሴትዮዋ አስከሬን መጣ። አቀጣጣያችንም ኳሷን ከእግሩ ሥር እንዳደረገ ቆመ! ቀጥ ብሎ ቆመ! የአምባ ጊዮርጊሱ ተከላካይ መጥቶ ኳሷን ከእግሩ ሥር ወሰዳት፤ ቀማው እንኳ አይባልም፣ አነሳት። ወደ ፊት መታት፣ የራሳቸው አጥቂ አገኛት፣ ጎል። ፊሽካ። ወይ ጉድ!

ከዚያ በኋላ ጎንደር ሌላ ወሬ አጣች። ፒያሳ ቁጭ ብለህ ማኪያቶ ሳትጨርስ፣ «ጥፋቱ የእሱ ነው» እና «የእሱ አይደለም» ብለው የሚተናነቁ ታያለህ። ጨዋታውን ያላዩት ደግሞ ካየነው ይብሳሉ። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ከረባቱን ፈትቶ ሲሟገት ሰምቼ፣ «ለመሆኑ ነበርክ?» ብለው፣ «መኖር ምን ያደርጋል፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለኝ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ልጁ ባጃጁ ውስጥ ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር፣ «ወራጅ አለ! ለአስከሬን የቆምክ ለእኛ አትቆምም?» ይሉታል። ይስቃሉ። እሱ ያወርዳቸዋል፤ ፊቱ ግን ከቀን ወደ ቀን እየከሳ መጣ። አንጀቴን በላኝ።

የእህል ነጋዴው መልእክት ላኩብን፤ «ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ ልጄን አልሰጥም።» በቃ፣ እንደገና ሄድን።

ሦስት ነን። አንደኛው የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል፣ ኳስ ግን ክብ መሆኗን እንኳ በወሬ ነው የሚያውቁት። ሁለተኛው የልጁ አጎት፣ ከወገራ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ አገራቸው አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው፣ ማለትም የአሸናፊዎቹ ሰፈር። እንዲህ ያለ ሽማግሌ የሚመርጥ እንደኛ ያለ ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ አፍ አለው ተብዬ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ገባን። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ደንበኛውን ንግግር ጀመሩ፤ «የጌታዬ ቤት፣ የበረከት ቤት፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን …»

«ይቀመጡ የኔታ» አሉ ሰውዬው። «ልጄ የትም አትሄድም። መጀመሪያ ያቺን ኳስ።»

ከጓዳ ሰፌድ ይዘው መጡ። ሰፌዱ ላይ ሽምብራና ምስር ተደርድሯል። ሽምብራው እኛ፣ ምስሩ አምባ ጊዮርጊስ። በጣታቸው እየገፉ አሳዩን፤ «ይኸ አቀጣጣዩ። ይኸ በረኛቸው። መሃል ላይ ምን አለ? ምንም! ዕውር እንኳ ያገባታል። እሱ ግን ቆመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው!»

መሪጌታ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። መጽሐፍ ሲተረጉሙ እንደለመዱት ኳሷንም ተረጎሟት። «ጥፋቱ የበረኛችን ነው፤ ሊይዝ ቆሞ አልያዘምና። አንድም፣ የዳኛው ነው፤ አስከሬን አይቶ ፊሽካ አልነፋምና። አንድም፣ የእኛ የሁላችን ነው፤ በቀብር ሰዓት ኳስ ጨዋታ አድርገናልና። የልጁ ግን አይደለም። እሱ ለአስከሬን ክብር ቆመ፤ ይደልዎ፣ ምስጋና ይገባዋል።»

«ምስጋና ጎል አይሆንም የኔታ!»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። ዳኛው ጨዋታውን ማቆም እንደነበረበት፣ ያ ባለመሆኑ ጎሉ በሕሊና እንደማይቆጠር ተናገርኩ። «በሕሊና» ስል ሰውዬው በንቀት አዩኝ። «ዋንጫው በሕሊና ነው የተሰጣቸው? በእጃቸው ተሸክመው፣ መኪና ላይ እየጨፈሩ ነው የሄዱ!» አሉና ለማስረጃ ወደ ሰፌዱ ተመለሱ። በረኛችን የለም። ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ ቀና ቢሉ የልጁ አጎት እያላመጡ ነው።

«በረኛውን በሉት?»

«ምነው አያ፣ ለእንግዳ የቀረበ መስሎኝ» አሉ አጎትየው ደንግጠው። «ሸጋ ሽምብራ ነው።»

እኔ ጥርሴን ነክሼ ሳቄን ያዝኩት። የእህል ነጋዴው ግን ንዴታቸው መውጫ አገኘ። «ድሮስ የእናንተ ልጆች! የሌላውን ማንሳት ለምዳችኋል። አስከሬን እያለፈ፣ ሰው በሐዘን ቆሞ፣ ከእግሩ ሥር ኳስ ይወሰዳል? አምባ ጊዮርጊስ ለሙት ክብር የለም?»

አጎትየው ያላመጡትን ዋጡ። እስካሁን ስለ ኳሱ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር፤ ስለማያውቁት። ይኸን ግን ያውቁታል።

«አያ፣ እንደሱ አይበሉ። እኔም ልጆቹን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ምነው እንዲህ አደረጋችሁ ብዬ። ተገርመው አዩኝ። በኛ አገር ሰው ሲሞት ሞፈሩን የጣለ፣ ከብቱን የተወ፣ አገር ሙሉ ነው የሚከተል። ልጆቹ የሚያውቁት ቀብር እሱ ነው። እናንተ ጋ አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው፣ አንዲት ሴት እየተከተለች ሲያልፉ አዩ። አልጋ የሚያጓጉዙ መስሏቸው ነው እንጂ አስከሬን መሆኑን መች አወቁት!»

መሪጌታ የመቋሚያቸውን ጫፍ ማየት ጀመሩ። እኔም አፈርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ስንት ሸንጎ ተቀምጧል፣ ስንት ምላስ ተፈትቷል፤ ይህን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም።

የእህል ነጋዴው አንድ ሽምብራ በጣታቸው ሲያንከባልሉ ቆዩ። «ሴትዮዋ ቆሏቸውን ከእኔው ሽምብራ ነበር የሚቆሉ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ እንደ ነቃ ሰው ቀና ብለው፣ «ራሱ ይጠየቅ!» አሉ።

«ሙሽራማ በሽምግልናው አይገኝም፤ ነውር ነው» አሉ መሪጌታ።

«አይገኝ። በስልክ ይናገር።»

እውነትም እስካሁን ልጁን የጠየቀው የለም። ከተማው ሁሉ ፈርዶበታል፣ ከተማው ሁሉ ጠበቃ ቆሞለታል፤ «ምን ሆነህ ነው?» ያለው ግን የለም፤ እኔ ጎረቤቱ እንኳ። ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ምስሩና ሽምብራው መሃል አስቀመጥኩት። የባጃጁ ሞተር ይሰማል።

«ለምን ቆምክ?» አሉት ሰውዬው ያለ ሰላምታ።

«ጋሼ … እውነቱን ልንገርዎ?»

«ሌላውንማ ከነዚህ ስሰማ ነው ያረፈድኩት።»

መሪጌታ በዓይናቸው ወደ ስልኩ ይለምናሉ፤ ለአስከሬን ክብር በል፣ ለአስከሬን ክብር በል እንደማለት። ልጁ የት ያያቸዋል!

«ልቆም አስቤ አልቆምኩም» አለ። «ቃሬዛውን የያዙት አራት ብቻ ናቸው። ከኋላ ያሉት ሽማግሌ ሲንገዳገዱ አየሁ፤ ሊወድቁ ነው። አሁን አንድ ሰው ሮጦ ይቀበላቸዋል ብዬ ወደ እናንተ ቀና አልኩ። ማን እንደሚመጣ እያየሁ ነበር። እናንተ ቅርብ ናችሁ፣ እኔ ሜዳ ውስጥ ነኝ። ማንም አልመጣም። ዞር ስል ኳሷ የለችም።»

«እኔንም አየኸኝ?»

ዋሽ፣ አልኩ በልቤ፤ አንተ ልጅ፣ ሚስትህ ናት፣ ዋሽ!

«አየሁዎት ጋሼ። ‹ምታ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!› እያሉ ነበር።»

አለቀለት፣ አልኩ። አጎትየው አማተቡ። ሰውዬው ግን አልጮሁም። ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔ ቀብር ከጨዋታ ጋር ቢገጥምስ?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ ክፉ አይንካዎ!»

«መልስልኝ።»

«እመጣለሁ።»

«ዋንጫም ቢሆን?»

ከወዲያ አንድ ተሳፋሪ «ወራጅ!» ሲል ተሰማ። ባጃጁ ቆመ፣ ሰው ወረደ።

«ዋንጫም ቢሆን» አለ ልጁ። «ግን መጀመሪያ ኳሷን ወደ ውጭ እመታታለሁ።»

ሰውዬው ሰፌዱን በጥፊ መቱት፤ ሽምብራውም ምስሩም ቤቱን ሞላው። «ይኸው! ይኸው በራሱ አፍ! ወደ ውጭ መምታት ነበረበት! ጥፋቱ የእሱ ነው፣ አላልኳችሁም?»

እውነታቸውን ነዋ፤ ወደ ውጭ ቢመታት ኖሮ ጎሉ አይገባም ነበር። ይኸን ሁሉ ጊዜ ፒያሳ ሙሉ ሰው ሲሟገት አንድም ሰው ያላያት መፍትሔ ናት። አጎትየው በፍርሃት፣ «አያ፣ እንግዲህ ልጅቱን ከለከሉን ማለት ነው?» አሉ።

«ማን ከለከላችሁ?» ሰውዬው ተነሱና ስልኩን አፋቸው ላይ አስጠጉት። «ስማ! ዋንጫውን ያስበላኸን አንተ ነህ። እስክሞት ድረስ እልሃለሁ፣ በልጅህ ክርስትና ላይም እልሃለሁ። ልጄን ግን ሰጥቼሃለሁ።» ስልኩን ዘጉት። የእኔ ስልክ ነበር፤ ከየትኛው በኩል እንደሚዘጋ ቸግሯቸው ጥቂት ታግለውታል።

ከጓዳ እልልታ ሰማን፤ ለካ ልጅቱና እናቷ በሩ ሥር ቆመው ሲሰሙ ቆይተዋል። መሪጌታ ለምርቃት ተነሱ። እኔም ደስታው ሞቅ ሲያደርገኝ፣ «እሰይ! እንግዲህ የእኛም ሽምግልና ፍሬ አፈራ» አልኩ፤ አፌ መቼ ያርፋል።

ሰውዬው ሦስታችንንም በተራ አዩን። መሪጌታን አለፉ፣ አጎትየውንም አለፉ፣ እኔ ላይ ቆሙ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ደክሟቸው ነበር።

«እኔም ዳገቱ ላይ ስለነበርኩ አልፈርድብህም» አሉኝ። «ለሰርጉ ና። ለቀብሬ ግን ያንን ልጅ ነው የምጠብቀው።»