ባሌ ለጎረቤታችን የነገረው

ሴት በሴት ብትቀና ሰው ይረዳታል። እኔ ግን የቀናሁት በሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ያውም ሁለቱንም ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎ፣ ከመንገዱ ማዶ ብቻውን በሚኖር አሜሪካዊ። ይህን ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ብነግራቸው በሳቅ ይሞታሉ። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤ ተንጨረጨርኩ።

አትላንታ አጠገብ፣ ስኔልቪል ቤት ገዝተን ከገባን ቆይተናል። ባሌ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹትል ይነዳል፤ እኔ ደንዉዲ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ባሌ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ስል ትንሽ ቁጥብ ማለቴ አይደለም። እራት ላይ «ጨው አንሶታል» ካለ፣ ዛሬስ አወራ ብለን ከልጆቼ ጋር እንጠቃቀስ ነበር። ልጆቹ አድገው ከወጡ በኋላማ ቤቱ ጭራሽ ጭር አለ። ተፈጥሮው ነው ብዬ ትቼው ነበር። ተፈጥሮው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ምንም አልልም ነበር።

ሽማግሌው ቬትናም የዘመተ ሰው ነው። በረንዳው ላይ ባንዲራ ይሰቅላል፤ የዘመተበት ክፍል ስም የተጠለፈበት ቆብ ከራሱ አይለይም። አንድ ቅዳሜ ባሌ የሣር ማጨጃውን ሊጠግንለት ጋራዡ ገባ። ሽማግሌው የታሸገ ውሃ ሰጠውና ሲጠጣ አየው። ባሌ አንድ ጉንጭ ይጠጣል፣ ክዳኑን ይዘጋል፤ እንደገና ይከፍታል፣ አንድ ጉንጭ ይጠጣል፣ ይዘጋል። «አንተ ወታደር ነበርክ» አለው ሽማግሌው። ይህን ራሱ ባሌ ነው የነገረኝ፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ያንን ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ እያየሁ «ወይ ጠጣው፣ ወይ ተወው» እያልኩ ስነዘንዘው ኖሬያለሁ። ውሃ በኮዳ ተመጥኖለት ይጠጣ የነበረ ሰው መሆኑ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የመጀመሪያው ቅናት ያኔ ወጋኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ተከፍቶ ሁለት ታጣፊ ወንበር ይወጣል። ልብስ የማጥብበት ክፍል መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉንም አያለሁ። ባሌ ያወራል! እጁን ያወናጭፋል፣ ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ በጣቱ የሆነ ነገር ይሥላል፣ አንዳንዴም አንገቱን ደፍቶ ይቆያል፤ ሽማግሌውም ትከሻውን ይይዘዋል። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ እንኳ እኔን አስከትሎ የሚሄድ ሰው፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ ይተርካል። የታጠበውን ልብስ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እያጠፍኩ ከመስኮቱ አልለይም።

«ምንድን ነው እንደዚህ የምታወሩት?» አልኩት አንድ ቀን።

«ምንም። የድሮ ነገር ነው።»

«የቱ ድሮ?»

«ያው የጦር ሜዳ ነገር ነዋ። ዝም ብሎ ሪላክስ ያደርገዋል ሰውዬውን።»

ሰውዬውን ሪላክስ ያደርገዋል! እኔስ? በዚያ ጦርነት እኮ እኔም ድርሻ ነበረኝ። ወንድሜና ባሌ የአንድ ሰፈር ልጆች፣ የአንድ ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ። አፈሳ ሲመጣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሜዳ ነው ተይዘው በአንድ መኪና የተጫኑት። ወንድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ከግንባር ግን ምንም አልመጣም። ያኔ ልጅሽ ሞተ ብሎ ለእናት የሚናገር መንግሥት አልነበረም። እናቶች ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር።

እኔ በመተማ በኩል ወጥቼ ገዳሪፍ ሰው ቤት ተቀጠርኩ። ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ ወደ ሱዳን ሲጎርፍ፣ በየመጠለያው እየዞርኩ ስለ ወንድሜ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። አንድ ቀን ባሌን አገኘሁት። አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። «ከማሠልጠኛ ስንወጣ ተለያየን፤ እሱን ሌላ ክፍለ ጦር መደቡት» አለኝ። አመንኩት። እውነቱን ልናገርና፣ የወደድኩት በከፊል ለዚህ ነው፤ ወንድሜን መጨረሻ ላይ ያየው ሰው እሱ ነበርና።

እናቴ በደወልኩ ቁጥር «ያ ልጅ ዛሬም ምንም ትዝ አላለውም?» ትለኝ ነበር። እኔም ዞሬ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ካህናቱ ፍትሐት ይደረግለት ሲሏት «በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም» ብላ ትቆጣለች። ባለፈው ዓመት እርሟን ሳታወጣ ሞተች።

ኅዳር መግቢያ ላይ አሜሪካኖች የዘመቱ ሰዎቻቸውን የሚያስቡበት ቀን ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ልጆች ለሽማግሌው በቀለም ያሸበረቀ ካርድ ላኩለት፤ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ደረደረው። ሬስቶራንቶች በነፃ ይጋብዙታል፤ ቆቡን ያየ ሁሉ ያመሰግነዋል። ባሌ በራሱ መኪና እየነዳ ወሰደው። በአጠገቡ ሲቆም ማንም ዘወር ብሎ አላየውም፤ እሱም የሚታይ ነገር አለኝ አላለም። እኛ ማኅበር ላይ እንኳ ያኔ ምን ትሠራ ነበር ሲሉት «ተማሪ ነበርኩ» ነው የሚለው። እንደ እሱ ያሉት፣ ተገደው ሄደው፣ ተሸንፈው ተመልሰው፣ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ በየከተማው ሲለምኑ የታዩ ናቸው። ማን ያመስግናቸው? ያን ቀን ለባሌም ቀናሁለት፣ በባሌም ቀናሁ። ሁለቱ ሲደራረቡ ሰው ያሳብዳሉ።

በዚያው ሳምንት ዕረፍቴን ጠብቄ፣ ባሌ ሥራ ላይ እያለ፣ ማካሮኒ በሥጋ ሠርቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ሽማግሌው ብቻውን ነው፣ ምግብ ልውሰድለት ብዬ አይደለም። ባሌን የወሰደብኝን ሰው በቅርብ ላየው ነው። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሱ ግን እንዳየኝ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ፤ ቆቡንም አወለቀ።

«እንኳን መጣሽ» አለኝ። «ስለ ወንድምሽ ልነግርሽ እፈልግ ነበር፤ በጣም አዝናለሁ። ባልሽ እንዴት እንደቀበረው ነግሮኛል። አካፋ ሳይኖረው፣ በምግብ ቆርቆሮና በጣቱ ቆፍሮ። እኔ እንደዚያ ያላደረግሁላቸው ጓደኞች አሉኝ። ጥሩ ባል ነው ያለሽ።»

የማውቅ መስሎታል። እሱ ምን ያጥፋ?

እኛ ዘንድ መርዶ እንደዚህ አይነገርም። አትላንታም ሆነን አይነገርም። አገር ቤት ሰው የሞተበትን ሰው ሁላችንም እያወቅን ሳምንት ሁለት ሳምንት እንደብቀዋለን። ሥራ የማይገባበት ቀን ይመረጣል። የደም ግፊት እንዳለበት ይጣራል፣ አንዱ ቀደም ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ያነሣል፤ ከዚያ ገና ሳይነጋ የነፍስ አባትና ዘመድ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። እኔ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ትኩስ ሳህን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከሣር ማጨጃ አጠገብ ቆሜ፣ በእንግሊዝኛ ነው የተረዳሁት። አልጮኽኩም። «ታንክ ዩ» አልኩት። ሳህኑን ማጨጃው ላይ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ተሻገርኩ።

ኀዘኑ መጀመሪያ መጣ ብል እዋሻለሁ። መጀመሪያ የመጣው ቅናት ነው። ይህ ሰው ለወንድሜ ከእኔ በፊት አዝኗል። እናቴ ሳትሰማ የሞተችውን እሱ በታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰምቷል። በምን እንደተቆፈረለት እሱ ያውቅ ነበር፤ እኔ የእናቱ ልጅ አላውቅም ነበር።

ባሌ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር የጠበቅሁት።

«ወንድሜን በምን ቆፈርክለት?» አልኩት።

የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ማን ነገረሽ አላለም፤ አልካደም። ከእኔ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

«ገዳሪፍ ሳገኝሽ ብቻሽን ነበርሽ» አለ። «ዘመድ የለሽ፣ አጠገብሽ የሚያለቅስ የለሽ። መርዶ ለብቻ ሰው እንዴት ይነገራል? ዘመድ ያለበት ስንደርስ እነግራታለሁ አልኩ። እዚህ ስንገባ አርግዘሽ ነበር። ከዚያ እናትሽ አሉ፤ አንቺ ከሰማሽ በስልክ ድምፅሽን ሰምተው ያውቃሉ። ከዚያ ጊዜው አለፈ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሽማግሎች ይዤ የገዛ በሬን ባንኳኳ ምን እላለሁ?»

«ለእሱስ? ለእሱ እንዴት ተነገረ?»

«እሱ ዘመዱ አይደለም» አለ። «ለእሱ ብናገረው መርዶ አይሆንም። ማውራት ብቻ ነው።»

ይህን ሲል እውነት መናገሩ ነበር፤ ያናደደኝም እውነት መሆኑ ነው። ወንድሜን ለማያውቅ ሰው ስለ ወንድሜ መናገር ቀላል ነው። እኔን ዝም ያለኝ ዘመዱ ስለሆንኩ ነው። እንዲህ ተብሎ ሲነገር ክብር ይመስላል። ሠላሳ ዓመት ግን አብሬው የኖርኩት ዝምታ ነው። እናቴን እያነሣሁ ጮኽኩበት፤ እሱም «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ይል ነበር። በመጨረሻ «ቅዳሜ ሰው ልጥራ፤ በወጉ ይነገርሽ» አለ። ጥራ አልኩት።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። የነፍስ አባታችን «ልጄ፣ ወንድምሽ ካረፈ ቆይቷል፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ሰማሁት። እንደዚያ አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለእሱም ለእናቴም፣ የሁለቱንም እርም በአንድ ጠዋት አወጣሁ። ሴቶቹ ወገቤን ይዘው ነው ያስቀመጡኝ።

ሽማግሌውም መጣ። ባሌ ነግሮት ኖሯል፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ቀና ስል እሱም ያለቅሳል። ትንሽ ቆይቶ የነፍስ አባታችን ወደ ባሌ ዞር ብለው «እስቲ አሟሟቱን ንገሩን» አሉት። ባሌ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ከዚያ ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ፣ ቀስ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ፤ አንዷ ጓደኛዬ እየተረጎመች። ምሽጉን ነገራቸው። ውሃ አልቆ እንደነበር ነገራቸው። ጥይቱ የቱ ጋ እንደመታው፣ ባሌ ሬሳውን ተሸክሞ ምን ያህል እንደሄደ፣ ሁሉንም ነገራቸው። በወንድሜ ለቅሶ ላይ ተራኪው እሱ ሆነ። ሃያ ሰው ከእኔ እኩል ሰማ። እያለቀስኩ ያ ቅናት እንደገና ሲቀጣጠል ተሰማኝ፤ አፍሬበታለሁ፣ ግን ነበረ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ተሸኝቶ ባሌ ወንበሮቹን ሲያነሣ ኩሽና ጠራሁት።

«ለእሱ ያልነገርከው አለ?» አልኩት። «አንድ ነገር። እሱ የማያውቀው።»

ጠረጴዛውን በመዳፉ ያብስ ጀመር፤ ንጹሕ ነበር።

«አለ» አለኝ። «መጨረሻ ላይ ያለኝ ነው። ለአንቺ ነው ያለው።»

በሩን ዘጋሁ። ነገረኝ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ በአማርኛ፣ እኔን እያየ፣ ሳይቆራርጥ ነገረኝ። ተነሥቼ በእጄ አፉን ያዝኩት፤ ከዚያ በላይ እንዳይናገርና እንዳያደበዝዘው።

በሳምንቱ ሽማግሌው ሳህኔን አጥቦ መለሰልኝ። በሩ ላይ ትንሽ ቆመና፣ ባሌ የደበቀው አንድ ነገር እንዳለ ሁልጊዜ ይሰማው እንደነበር፣ የወንድሜ የመጨረሻ ሰዓት ጋ ሲደርስ ሁሌ እንደሚዘል ነገረኝ። «ለአንቺ ነገረሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምን እንደሆነ ልነግረው እችል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። አልነገርኩትም። ለልጆቼም አልነገርኩም፤ እዚህም አልጽፈውም።