በማሊያው ላይ በቀጥታ የተሰፋ ስም

ወይዘሮ ቨርና ዳኒልኮ የስቶንክሪክ ጎሾችን የበረዶ ሆኪ ማሊያ መስፋት ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። የተጫዋቹን ስም በቅድሚያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ይሰፋሉ፤ ቁራጩን ደግሞ ከቁጥሩ በላይ፣ በማሊያው ጀርባ ላይ ይጥፋሉ። ተጫዋቹ ሲለቅ ቁራጩ ይተረተርና ማሊያው ለተተኪው ይተርፋል። ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። የጣሱትም ራሳቸው ናቸው፤ እርሱም አንድ ጊዜ ብቻ።

መስከረም ላይ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ በከተማው አዳራሽ ቆሞ፣ «አምበላችን ብሬዲ ክሊምቹክ የትም አይሄድም፤ ቃሌ ነው» ብሎ ነበር። ወይዘሮ ቨርና ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ ወደ ጨዋታ የሚሄዱት ይህን የሰፈራቸውን ልጅ ለማየት ነው። የሥራ አስኪያጁን ቃል አመኑ። ስሙንም ያለ ቁራጭ ጨርቅ፣ በማሊያው ላይ በቀጥታ፣ በድርብ ክር ሰፉት።

የተጫዋቾች ልውውጥ በሚዘጋበት ዕለት ጎሾች ከሠላሳ ስምንት ጨዋታ ያሸነፉት ሰባቱን ብቻ ነበር። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን በወይዘሮ ቨርና የስፌት ክፍል ያለው ሬዲዮ የልውውጡን ዜና ጨርሶ ወደ ዘፈን ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ የቡድኑ ዕቃ ኃላፊ ዋረን በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ።

«እትዬ ቨርና፣ ሬዲዮ ሰምተዋል?»

«በረኛውን ሰጣችሁ፤ ሁለቱን ተከላካዮች ሰጣችሁ። በረዶ የሚያስተካክለውን መኪና ምነው ረሳችሁት?»

ዋረን አልሳቀም። «ክሊምቹክም ሄዷል። በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው ያለቀው፤ ለሬዲዮም አልደረሰም።»

«በማን ለወጣችሁት?»

«በአንድ የማኒቶባ ቡድን አጥቂ። ደግሞም ከሁለት ዓመት በኋላ ከአዳዲስ ወጣት ተጫዋቾች አንዱን የመምረጥ ተራ አግኝተናል።»

«ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው።»

ወይዘሮ ቨርና እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቁ። አልመጣም። ቁጣም አልመጣም። የሻይ ኩባያቸውን ነኩት፤ ቀዝቅዟል።

ዋረን የክሊምቹክን ማሊያ ከያዘው ሻንጣ አውጥቶ ጀርባውን ዳበሰ። «ቁራጩ የታል?»

«የለውም።»

«እንዴት የለውም? በቁራጭ ጨርቅ ስንት ዓመት ያስጨነቁኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ!»

«ተሳስቻለሁ።»

ሌላ ምክንያት አልጨመሩም። ያጠፋ ሰው ከዚህ በላይ መናገር አይጠበቅበትም።

«ለማንኛውም፣ ነገ ለጨዋታው ይመጣሉ አይደል?»

«ምን ለማየት ልምጣ?» አሉት።

ድርቡን ክር ተርትረው ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። የጨርቅ ፊደሎቹ ሲነሡ ግን ስሙ አልጠፋም። በአጠባ ብዛት በደበዘዘው አረንጓዴ ማሊያ ላይ፣ ከፊደሎቹ ሥር የነበረው ጨርቅ እንደ አዲስ ደምቆ፣ ዙሪያውን በመርፌ ቀዳዳ ታጥሮ «ክሊምቹክ» ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ዋረን አዲሱን አጥቂ ለልክ አመጣው። ኤመሪ ቶት ይባላል፤ የመንገድ ድካም ከፊቱ አልለቀቀም። ወይዘሮ ቨርና በማሊያው ጀርባ ላይ ያጋደሙትን ረጅም ቁራጭ አየ።

«እማማ፣ ስሜ እኮ ሁለት ፊደል ናት። ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለምንድን ነው?»

«ከሥሩ ሌላ ስም ስላለ።»

ቶት ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። «ዘንድሮ ሦስተኛ ቡድኔ ነው። ላላ አድርገው ይስፉት፤ ኋላ ሲፈቱት እንዳይቸገሩ።»

«ላላ ተብሎ የሚሰፋ ስፌት የለም። ይልቅ ቀጥ ብለህ ቁም!»

ዋረን ሳቁን በጓንቱ አፈነ። ወይዘሮ ቨርና ልጁን እንደ ክሊምቹክ ሊወዱት አልቻሉም፤ አልሞከሩምም። ረጅሙን ቁራጭ ግን በደንቡ መሠረት፣ በነጠላ ክር፣ ጠበቅ አድርገው ጣፉት። የእጅ ሥራ የልብን ፈቃድ አይጠይቅም።

ማታ ወይዘሮ ቨርና በበረዶ ሜዳው ከወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ካፖርታቸውንም በባለቤታቸው ወንበር ላይ አኑረዋል። ጎሾች አምስት ለአንድ ተሸነፉ። አንዷን ያገባው ቶት ነው። ዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ሲል እርሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ባልንጀሮቹ ከሜዳው አጥር ጋር አጣብቀው በደስታ በሚደበድቡት ልጅ ጀርባ ላይ ዐይናቸውን ተከሉ። የቁራጩ ጠርዝ አልተነሣም ነበር።

ጨዋታው እስኪያልቅም የተመለከቱት ያንኑ ጠርዝ ነበር።