ሲሚንቶ የለበሰው ግድግዳ

ጋምቤላ ክልል በሆነችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ቤት ማግኘት ጭንቅ ነበር። አዳዲስ ቢሮዎች ይከፈታሉ፤ ከደጋ ተመድበን የመጣነው ሠራተኞች ግን መግቢያ አልነበረንም። ለእኛ ባሮ ዳር ካሉት የድሮ ነጋዴ ቤቶች አንዱ ደረሰን። ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት ነው። የላይኛው ጣሪያ ስለሚያፈስ የምንኖረው ታች፣ ቀድሞ መጋዘን በነበሩት ሁለት ክፍሎች ነበር። በጡቦቹ መካከል ያለው ጭቃ ረግፎ ጣት ያስገባል። «እያደሳችሁ ኑሩበት» ተባልን። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ባለቤቴ መምህር ነበር። ከሥራ መልስ ሁለቱንም ክፍሎች በገዛ እጁ በሲሚንቶ ለሰናቸው፤ ነጭ ቀለምም ቀባናቸው። ሲሚንቶውን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ጡቡ እየታየ መኖር ያልተጨረሰ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ካህኑ መጥተው ጸበል ረጩልን።

ክረምቱ ሲገባ ቀለሙ እንደተቃጠለ ቆዳ ውኃ ቋጠረ። ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ ጠቆረ፤ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ። የሰባት ዓመት ልጃችን ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ታርፋለች። ጤና ጣቢያ የመረመራት ሰው፣ ከዚህ እርጥበት ካልወጣች አይሻላትም አለን። ሌላ ቤት አልነበረንም። ባለቤቴ ጎሬ እህቱ ዘንድ እንላካት አለ። አንድ ልጃችን ናት፤ ከእኔ ተለይታ አድራ አታውቅም። ዝናቡ እንዲቀልል ጸለይሁ። ዝናቡ አልቀለለም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ልጅቷን ሊጠይቁ መጡ። በዕድሜ የገፉ የአኙዋ ሴት ናቸው። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«ይሄን ኮት ማነው ያለበሰው?»

«እኛ ነን፣ እማማ። ሲሚንቶ ነው።»

«ባልሽ ባሮ ሲገባ ኮት ለብሶ ነው የሚታጠበው?»

ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ሳል ሆነ። እማማ ቀልዱን ተዉት።

«ጡብ ከታች ውኃ ይጠጣል። በፊት በጎን ይተፋው ነበር፤ አሁን አፉን ዘጋችሁ። ይሄን ቤት ሲሠሩ አባቴ ነበረበት። ጭቃው ከኩይሳ ነው፤ ምስጥ የሠራው አፈር። እኔ ልጅ ሆኜ ተሸክሜያለሁ። አውልቁት።»

ባለቤቴ ሲመጣ ነገርሁት። ፊቱ ተለወጠ።

«ሲሚንቶ አፍርሼ ጭቃ ልለጥፍ? አገሩ ወደፊት ሲሄድ እኛ ወደኋላ?»

«ከአልጋዋ አጠገብ ያለውን ብቻ» አልሁት።

በማግሥቱ መሮና መዶሻ ተውሶ መጣ። እማማ በራፉ ላይ ቆመው ያዩታል። «ቀስ በል፣ መምህር፤ ጡቡ አልበደለህም» ይሉታል። ሦስተኛው ምት ላይ ሲሚንቶው እንደ ቂጣ ተገንጥሎ ወደቀ። ጀርባው ውኃ ያንጠባጥባል። ከሥሩ ያለው ጡብ እንደ ታጠበ ልብስ ርሷል። ባለቤቴ በእጁ ነካው፤ እጁንም አሸተተው። ሸሚዙን አውልቆ ወደ ሁለተኛው ግድግዳ ሄደ።

ጡቡ ግን በክረምት ቶሎ አይደርቅም። «ልጅቷ እስኪደርቅ እኔ ጋ ትተኛ» አሉ እማማ። የእሳቸው ጎጆ ከእኛ አጥር ማዶ ነው፤ ወለሉ ደረቅ ነበር። መስከረም እስኪጠባ እዚያ አደረች። እማማ ጴንጤ ናቸው፤ የእኛን ጾም አይጾሙም። ግን ፍልሰታ ሲገባ፣ ሳልነግራቸው፣ ለእሷ ብቻ ዓሣ ያልነካው ድስት ለይተው አኖሩ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በጋ ሲመጣ አፈሩን ከከተማው ዳር ካለ ኩይሳ አስመጣን። ባለቤቴ ከባሮ አሸዋ ጋር ያቦካል፤ እማማና እኔ በጡቦቹ መካከል በጣታችን እንሞላለን። እኔ በስሱ ስለጥፈው እማማ እጄን ይመቱኛል። «ጤፍ አይደለም፣ አትቆጥቢ። እስከ ውስጥ።» እሳቸው በቋንቋቸው መዝሙር ያዜማሉ፤ እኔ ጸሎቴን በልቤ እላለሁ። ግድግዳውን ቀለም አልቀባነውም። ቀይ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ቀስ በቀስ ለመድሁት።

ሁለተኛው ክረምት ገባ። ግድግዳው እንደ ማንኛውም ጡብ ከሥሩ ትንሽ ይጠቁራል፤ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ይደርቃል። ያም ሆኖ ጎሬ ስለመላክ ገና ቁርጥ ያለ ነገር አልተነጋገርንም ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ይወርዳል። ልጄ በረንዳው ላይ ገመድ እየዘለለች ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ባለቤቴ ደብተር ማረሙን ትቶ ቀና አለ። አምና ስድስት ላይ ነበር የምትቆመው። ስድስትን አለፈች። አሥርን አለፈች። ሁለታችንም አልተያየንም። ሃያ ስድስት ላይ ገመዱ እግሯን ያዛት።

«ይሄ አይቆጠርም» አለች፤ እንደገናም ከአንድ ጀመረች።