እህቴና የእማዬ ሰዓት

እህቴን ሰዎች ዝምተኛ ናት ይሏታል። ዝምተኛ አይደለችም፤ ወሬ ስለማይጥማት ነው። ስለ ሥራዋ ከጠየቃችኋት እራታችሁ እስኪቀዘቅዝ ትይዛችኋለች። እኔ ታናሽ ወንድሟ የክሊኒክ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው አቧራ እንደማይስማማው ብቻ ነው። ስለ እሷ ግን ከእኔ በላይ የሚያወራ የለም። ጉራ ነው ካላችሁም ይሁን።

እማዬ በዚያው ክሊኒክ ነርስ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ከአልጋ መውረድ ያቃታቸውን፣ መንገድ የሚከብዳቸውን በሽተኞች ታያለች። ዳገቱ ላይ ያለው ሰፈር ኔትወርክ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እዚያ ስልክ ከባትሪ መብራት አይሻልም። ስለዚህ ነርሶቹ ያዩትን በወረቀት ይዘው ይመጡና ኮምፒውተር ላይ ይገለብጡ ነበር። ፕሮግራም መጻፍ የእህቴ እንጀራ ነው፤ እማዬ ደክሟት መጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ስትገለብጥ እያየች አንጀቷ አረረ። ለክሊኒኩ አንድ ፕሮግራም ሠራች። ነርሷ ያለ ኔትወርክ ስልኳ ላይ ትጽፋለች፤ አብሯት የሚዞረው ዶክተርም በራሱ ታብሌት ይጽፋል፤ ከዳገቱ ወርደን ኔትወርክ ስናገኝ የጻፉትን ይለዋወጡና ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ በሽተኛ የተለያየ ነገር ከጻፉ፣ በሰዓት ኋላ የተጻፈው ይጸናል።

ስለ እማዬ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤታችን ያለ ሰዓት ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይቀድማል። የግድግዳውም፣ የእጇም፣ የስልኳም። ሥራ እንዳይረፍድባት ብላ ነው። እኛ ልጆቿ መቀነስ የተማርነው በዚያ ሰዓት ነው፤ ስለለመድነው አሁን ትዝም አይለንም።

አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ዳገቱን ወጣን። እማዬ ቀድማ ትገባለች፣ ዶክተሩ ከኋላዋ ይከተላል። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ቤት ገብታ በታዘዘው መሠረት የደም ግፊት መድኃኒታቸው ይቀጥል ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆይቶ ዶክተሩ ገባና መድኃኒቱ በርትቶባቸዋል፣ ይቁም ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ሌላ ነርስ ሄዳ ስልኳን ስታይ ‹ይቀጥል› ይላል። ሰጠቻቸው። ሰውዬው ከወንበራቸው ሲነሱ አዙሯቸው ወደቁ።

እግዜር አወጣቸው፤ ጉልበታቸው ከመላላጡ በቀር ደህና ናቸው። ጣት መቀሰሩ ግን አልቀረም። ፕሮግራሙ እማዬ ከዶክተሩ በኋላ እንደጻፈች ያሳያል። የክሊኒኩ ኃላፊ ጠርታት፣ ዶክተር ያቆመውን ለምን እንዳስቀጠለች ጠየቀቻት። እማዬ አላደረግኩም አለች። ከዙር ወጥታ ካርድ ክፍል ትቀመጥ የሚል ሐሳብ መጣ፤ በስብሰባ ሊወሰን ተቀጠረ። ዕድሜዋን በሙሉ በሽተኛ ስታይ የኖረች ሴት! እኔ በንዴት ጦፍኩ። እሷ ግን ራሷን መጠራጠር ጀመረች፤ እርጅና ይሆናል አለችኝ። ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

እህቴ የጻፈችውን ኮድ ከላይ እስከ ታች ብትበረብረው ስህተት አጣች። ቤት ምሳ እየበላን፣ ሥራ ስለነበረብኝ ስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅኳት። የግድግዳውን ሰዓት አየት አድርጋ፣ እንደ ልማዷ ግማሽ ቀንሳ ነገረችኝ። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የእማዬን ስልክ ተቀብላ ከራሷ ስልክ ጋር ጎን ለጎን አደረገችው።

እማዬ የጻፈችው ከዶክተሩ በፊት ነበር። ስልኳ ስለሚቀድም ግን ፕሮግራሙ ኋላ የተጻፈ መስሎት፣ የዶክተሩን ጥሎ የእሷን ያዘ። ሌላ ቤት ያደገ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። በእኛ ቤት ያደገች ልጅ የስልክ ሰዓት ማመኗ! እኔ ሳቄ መጣ፤ የእሷ ፊት አመድ መሰለ።

ፕሮግራሙን ከጅምሩ ያልወደደው ብዙ ነበር። ስህተት ተገኘበት ከተባለ ያ ሁሉ ልፋት ገደል መግባቱ ነው። እማዬም ይህን ታውቃለች።

«አትናገሪ» አለቻት። «እኔ ሰዓቴን አስተካክላለሁ። ካርድ ክፍልም ቢሆን ሥራ ነው፤ አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ።»

«እማዬ፣ ያላጠፋሽውን አትሸከሚም» አለች እህቴ።

ስብሰባው ላይ ሁለቱን ስልኮች ለሁሉም አሳየች። ነርሷ አልተሳሳተችም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለች፤ ዓይኗንም አልሰበረችም። ኃላፊዋ ነገሩን ማቅለል ፈልጋ፣ ነርሶቹ ሰዓታቸውን እንዲያስተካክሉ ብናዝ አይበቃም ወይ ብላ ጠየቀች። እህቴ በዚያ ሾልካ መውጣት ትችል ነበር።

«ሰዓታቸውን ይተዉላቸው» አለች። «የሚስተካከለው የኔ ሥራ ነው።»

እማዬ ወዲያው ወደ ዙሯ ተመለሰች። ነርሶቹ ለጊዜው ወደ ወረቀታቸው ሲመለሱ እህቴ ክፍሏን ዘግታ ሥራዋን አፍርሳ እንደገና ሠራችው፤ እኛ ቤት ውስጥ በእግራችን ጣት ነበር የምንሄደው። አሁን ፕሮግራሙ ሰዓት አይጠይቅም። የሚጠይቀው፣ ይሄኛው ሲጽፍ ያኛው የጻፈውን አይቶ ነበር ወይ ብሎ ነው። አይቶ ከጻፈ የእሱ ይጸናል። አንዱ የሌላውን ሳያይ ከጻፉ ግን ማንንም አይጥልም፤ ሁለቱንም አሳይቶ፣ እናንተው ተነጋግራችሁ ወስኑ ይላል። ዘመዶቻችን እንዲህ ቢሆኑ ስንት ኩርፊያ በቀረ ነበር።

አዲሱን ፕሮግራም ይዘን በወጣንበት ቀን የእማዬን ቦርሳ ተሸክሜ ልብስ ሰፊው ቤት ደጃፍ ደረስኩ። ሰውዬው ስልኩን ሲያዩ፣ ያ የጣለኝ ነገር ነው እንዴ ብለው ጠየቁ።

«እሱ ነው አባባ» አለች እማዬ። «የሠራችው ልጄ ናት። ሲበላሽ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ በሰው ፊት የቆመች ልጅ ናት። እኔ በሷ እኮራለሁ።»

እማዬ እኛን ጎበዝ ብላ አታውቅም። አንደኛ ስንወጣ እንኳ ‹እሺ› ነበር መልሷ። ለእህቴ ልደውልላት ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። እማዬ ያለችውን ቃል በቃል ጽፌ ላክ አልኩትና ስልኬን ኪሴ ከተትኩት። ዳገቱን እንደወረድን መልእክቱ በራሱ ጊዜ ሄደ።

ወዲያው ደወለች። ሃሎ ሳልል ማልቀስ ጀመረች። እኔም መኪናዋን ዳር አስይዤ ቆምኩ።

እማዬ የእጅ ሰዓቷን አየችና፣ ረፍዷል፣ ንዳ እንጂ ብላ ተቆጣችኝ። ገና ግማሽ ሰዓት ነበረን።