አማቴ ዝም ብለው ያዩት ጠረጴዛ

የባለቤቴ አባት ከሂርና ጭሮ እኛ ቤት የመጡት ጉልበታቸውን ለመታከም ነበር። ሻል ሲላቸው "እንግዲህ ወደ ቤቴ ልሂድ" ማለት ጀመሩ። ሂርና የሚጠብቃቸው ግን ባዶ ቤት ነው፤ የባለቤቴ እናት ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤቴ አንድ ቀን ወድቀው የሚያነሳቸው ሰው እንዳያጡ ትሰጋለች። ብትለምን ብትለምን እሺ አላሏትም።

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርና አልጋ ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ናቸው። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ እንጨት የምነካው ከዘገባ በተረፈኝ ሰዓት ነው። የምቆርጠውም መሬት ላይ፣ የሳንቃውን አንድ ጫፍ በእግሬ ረግጬ ነበር። እሳቸው ማጎንበስ ስለማይችሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከማየት ሌላ ዕድል አልነበራቸውም። ሥራ ካገኙ ይቆዩ ይሆናል ብዬ የመቁረጫ ጠረጴዛ ልሠራ ወሰንኩ። ግቢው የሦስት ተከራይ ነው፤ ሲመሽ ባጃጅ ይቆምበታል። ስለዚህ ጠረጴዛው የሚታጠፍ፣ በጎማ የሚሄድና ከአልጋችን ጀርባ የሚገባ መሆን ነበረበት።

እንደ ሥራዬ ልማድ አስቀድሜ መረጃ ሰበሰብኩ። የበሩን ስፋት ሁለት ጊዜ ለካሁ። ለገበታው ኮምፔንሳቶ፣ ለእግሩ ሞራሌ፣ ማጠፊያና አራት ትንንሽ ጎማ ገዛሁ። በዚያው ሰሞን ሚኤሶ ስለ ድርቁ ልዘግብ ወርጄ ስመለስ፣ በማስታወሻ ደብተሬ ከከብት አርቢዎቹ ቃል ቀጥሎ ያለው ገጽ የጠረጴዛ እግር ሥዕል ነበር።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። አማቴን በየደረጃው አስተያየት ጠየቅኳቸው። ሁልጊዜ መልሳቸው "ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው" ነበር። ይህን መልስ ደጋግሞ የሰጠኝ ባለሥልጣን ቢሆን ኖሮ ወዲያው እጠረጥር ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ ጠረጴዛውን ግቢ ውስጥ ዘርግቼ ሳንቃ ጫንኩበት። ግቢያችን የዝናብ ውሃ እንዲወጣ ወደ አጥሩ ያዘነበለ ነው። መጋዙን ሁለት ጊዜ እንደገፋሁት ጠረጴዛው ጉዞ ጀመረ። እኔም መጋዜን ይዤ ተከተልኩት። ልብስ የምታጥብ ጎረቤታችን ሳፋዋን ስባ መንገድ ለቀቀችለት።

"አቦ፣ የሚሄደው ሂርና ከሆነ እኔንም ጫኑኝ" አለች።

ጠረጴዛው አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አማቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። ዓይናቸውን ጠራርገው ሲያበቁ ተናገሩ።

"ሁለቱን ጎማ አውልቅ። በአንድ ወገን ያለው ይበቃል፣ ሌላው መሬት ይርገጥ። ስትወስደው ከፍ አድርገህ እንደ ጋሪ ትገፋዋለህ።"

መቼ እንዳወቁት ጠየቅኳቸው።

"ጎማውን ገዝተህ የመጣህ ቀን።"

"ታዲያ አባባ፣ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ቤቱ ያንተ፣ እንጨቱ ያንተ። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ምን እላለሁ?"

እኛ ቤት ሦስት ወር ተቀምጠዋል። ውሃ እንኳ ራሳቸው እንዳይቀዱ ተሯሩጠን ስንቀዳላቸው፣ የምናከብራቸው መስሎን ነበር። እኔ ደግሞ ባልጠበቁት ላስደስታቸው ብዬ ዋናውን ወሬ ደብቄ ኖሬያለሁ። ያኔ ነገርኳቸው፤ ጠረጴዛው የእርስዎ ነው፣ የሠራሁትም እንዲቆርጡበት ነው አልኳቸው።

ጠረጴዛውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ለእኔ ከሆነ ለምን በአንተ ቁመት ሠራኸው?"

በሩን፣ አልጋውን፣ ከአልጋው ጀርባ ያለውን ክፍተት ሁሉ ለክቻለሁ። ሰውየውን አልለካሁም።

አማቴ በርጩማቸውን አስመጥተው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡና፣ ክርናቸው የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አደረጉ። እኔ ሁለቱን ጎማ አወለቅኩ፣ እግሮቹንም እሳቸው ባሉኝ ልክ አሳጠርኩ። የዐስር ሶላት ሰግደው ሲመለሱ ሳንቃውን ራሳቸው ጫኑ። መስመሩን ሳይለቁ ግማሹን ቆርጠው ሲያበቁ የመጋዜን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"ይሄ ቅቤም አይቆርጥ" አሉኝ። ከዚያ በር ላይ ቆማ ታይ ወደነበረችው ልጃቸው ዞሩ። "ከሂርና የሚመጣ ሰው ፈልጊ። መጋዜንና መላጊያዬን ያምጣልኝ።"

ባለቤቴ ስልኳን ፍለጋ ወደ ቤት ገባች።