እሳት የነካው አፈር

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ሳይንስ ሳስተምር አንዲት ባልቴት ጎረቤት ነበሩኝ። አዴ እላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ እንደ «እማማ» ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ከአርጆ መንገድ ገባ ብሎ የነበረው ቤታቸውም አምና በበጋ ተቃጥሎ እህታቸው ጋ ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ሰው ቤት እንግዳ መሆን አንጀታቸውን ያሳርረው ነበር። የመጨረሻውን ጉርሻ ሳይውጡ ተነስተው ሳህን ያጥባሉ። ይሄን ሳይ ደሜ ይፈላል።

መሬቱን የያዘባቸው የባላቸው ወንድም ነው። የእሱና የሟች መሬት የሚለየው በአንዲት ቦይ ነው። እሱ ታዲያ፣ «ቤቱ የነበረው ከቦዩ ወዲህ በእኔ መሬት ላይ ነው። ወንድሜን አስጠጋሁት እንጂ ከቦዩ ማዶ ምንም አልነበረውም» ብሎ ድርቅ አለ። አካባቢው ሁሉ የእሱ ጭሰኛ ስለሆነ ማን ይናገር! ነገሩን የያዙት ሽማግሌዎችም ለአዴ ቁርጡን ነገሯቸው፦ «ምድጃሽ የነበረበትን አሳዪን። ምድጃሽ ማዶ ከሆነ ማዶው ያንቺ ነው። ካላሳየሽ ነገሩ አለቀ።»

መስከረም ላይ ሽማግሌዎቹና የባላቸው ወንድም ባሉበት አብሬያቸው ሄድኩ። ስንደርስ ሦስቱ የጉልቻ ድንጋዮች ከቦዩ ወዲህ፣ በሰውየው መሬት ላይ፣ ሳማ መሀል ተቀምጠው ይጠብቁናል።

«ዋቃዮ! አምላኬ!» አሉ አዴ። «ይሄ ጉልቻ የኔ ነው፤ ቦታው ግን የኔ አይደለም!»

«እንግዲያው የትኛው ነው ቦታሽ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ቦዩን ተሻገርን። ማዶ ሁሉ ሳር ነው። ደጃቸው ላይ የነበረው ዋንዛ ከነጉቶው ተነቅሎ ጠፍቷል። አዴ እዚህ ነው አሉ፤ ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ የለም እዚያ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«የገዛ ቤቷን የማታውቅ ሴት!» አለ ሰውየው እየሳቀ።

አፌን ልከፍትበት ነበር፤ ግን ስድብ ለአዴ ምን ይጠቅማል? ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሳሩ ውስጥ መዞር ጀመርኩ። ያኔ ነው ሳሩ የሳሳበት አንድ ቦታ ያየሁት። ድንጋይ ላይ የሚወጣውን ሽበት ሁሉም ያውቀዋል፤ ይሄኛው ግን አፈር ላይ የሚበቅል ነው። ከጥፍር የማይበልጥ አረንጓዴ፣ ከላዩ ደግሞ ቀጫጭን ቀያይ ክሮች፣ በእያንዳንዱ ክር ጫፍ አንገቷን የደፋች ትንሽ ፍሬ። ጣቴን በምራቄ አርሼ አንዱን ክር ነካሁት። ፍሬውን ይዞ ዞረ። ልቤ ደነገጠ፤ አወቅሁት። ከተማሪዎቼ ጋር ከሰል አክሳዮች የተዉት ቦታ ላይ፣ ከክረምት በኋላ፣ ምንጣፍ ሆኖ ያየነው እሱ ነው።

«እዚህ እሳት ነበር» አልኩ ጮክ ብዬ። «ይሄ ሽበት እሳት የነካው አፈር ይወዳል።»

«በረት ነው የነበረው!» አለ ሰውየው ቶሎ ብሎ። «ከብቶቼን አሳድሬበታለሁ!»

በወለጋ በረት አንድ ቦታ አይቆይም። መሬቱ እንዲዳብር እያዞሩ ይተክሉታል፤ ከብት ያደረበትን መሬት ደግሞ የማያውቅ ገበሬ የለም።

«ከብት ያደረበት ላይ የሚወጣው ምንድን ነው?» ብዬ ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ።

«ሳማ ነዋ፤ እዚህ ደግሞ አንድም የለም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ወዲያው ዞረው ሳማ መሀል የተቀመጠውን ጉልቻ አዩ። ሰውየውም አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

ሽማግሌው ግን በሳማ ብቻ አይፈርዱም። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቆፈር። ባዶ ከሆነስ?»

ይሄ ሽበት እሳት ባልነካው በተገለበጠ አፈርም፣ መንገድ ዳርም አልፎ አልፎ ይበቅላል። ይህንን ከእኔ በቀር እዚያ የሚያውቅ የለም።

«ባዶ ከሆነ ሁለተኛ አልመጣም» አሉ አዴ በእኔ ፈንታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ ሽማግሌው፤ አብሮን የመጣ አንድ ጎልማሳ ከሽበቱ ጎን ቆፈረ። ቀይ አፈር ወጣ። ደገመ፤ አሁንም ቀይ አፈር ብቻ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። አዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እኔ በሆዴ እመብርሃንን እየለመንኩ ነው። ጎልማሳው ወደ መሀል ጠጋ ብሎ ሲመታ ዶማው ጠጣር ነገር አገኘ። እንደ ሸክላ የተጠበሰ አፈር፣ ከሥሩ ከሰል፣ ትንሽ ወረድ ሲል ደግሞ እንደ ቆመ የተቃጠለ የምሰሶ ጉቶ።

አዴ ተንበርክከው ጉቶውን በእጃቸው ዳሰሱ። «እሱ ነው ያቆመው» አሉ፤ ባላቸውን ማለታቸው ነው። ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ፤ እኔ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተናገሩም። «ጉልቻውን ያነሳ ሰው ይመልሰው» አሉ። ሰውየው ጭሰኞቹ ከሩቅ እያዩት ሦስቱን ድንጋዮች አንድ በአንድ በትከሻው ተሸክሞ ቦዩን ተሻገረ። እኔም አላስችል ብሎኝ፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰሙም?» አልኩት።

የመጨረሻውን ድንጋይ እንደተሸከመ፣ «የት ላድርገው?» ብሎ አዴን ጠየቃቸው። ላቡ በአገጩ ይወርዳል።

ሽበቱን አመለከቱት። ለተማሪዎቼ ትንሽ ላነሳ ጎንበስ ስል በባዶ እግራቸው ጠርገው ገፉት።

«ተዪው፣ ልጄ። ይሄ የቃጠሎው ነው፤ ማየት አልፈልግም።» ከዚያ ለሰውየው፣ «ትንሽ ወደ ግራ» አሉት። «በሩ በዚህ በኩል ነው፤ ጭሱ መውጫ ይፈልጋል።»